ስለ ምክር ቤት ቀጠሮና ስለ ጊዜ ወሰን

በጥንቱ የሐረር ከተማ ሥርዐት በጁገል ግንብ ላይ ያሉት አምስቱ በሮች ፀሐይ ስትገባ ይዘጉ ነበር። በሰሜን በኩል ያለው፣ የከተማው ተወላጆች አሱም በሪ የሚሉት ፈላና በርም እንደ ሌሎቹ ሰዓቱን ጠብቆ ይዘጋ ነበርና፣ ከሩቅ አገር ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ለመድረስ መንገዱን ያፋጥናል፤ ያልደረሰም ከግንቡ ውጭ ያድራል። ሰዓቱ ለትልቁም ለትንሹም አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበረ፣ በር ጠባቂውና ነጋዴው ስለ ቀጠሮ የሚከራከሩበት ምክንያት አልነበረም።

በሕግ አውጪ ምክር ቤቶችና በኮሚቴዎቻቸው ዘንድ የሚነሣው የቀጠሮ ክርክር ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ስብሰባው ሰኞ ይሁን ወይስ ሐሙስ፣ ማን ቀድሞ ይሰማ፣ ረቂቁ መቼ ይታደል ከሚለው የማያልፍ ንግግር ነውና። ነገር ግን ሪፖርት የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን በተወሰነበት ጉዳይ ላይ ቀኑን የሚቈርጠው ሰው ጉዳዩን ራሱን ወደ መቍረጥ ይቀርባል። ምስክር ለመስማት ሦስት ቀን ያገኘ ኮሚቴና ሦስት ሳምንት ያገኘ ኮሚቴ አንድ ዐይነት ሪፖርት አያቀርቡም።

የዚህ ነገር ትልቁ ምሳሌ በ2012 ዓ.ም. የሆነው ነው። ሕገ መንግሥቱ በ58ኛው አንቀጽ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን ከማለቁ ከአንድ ወር በፊት አዲስ ምርጫ ተካሂዶ እንዲጠናቀቅ ያዛል። በዚሁ መሠረት ምርጫው ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ተቀጥሮ ሳለ የኮሮና ተሐዋሲ ወረርሽኝ ደረሰ፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድም መጋቢት 22 ቀን በቀጠሮው ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። ምክር ቤቱ ሚያዝያ 22 ቀን ይህን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ምክር ቤቱን መበተን፣ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻልና የሕገ መንግሥት ትርጕም መጠየቅ የሚሉ አራት መንገዶች ቀርበው፣ ሚያዝያ 27 ቀን አራተኛው ተመረጠ።

ጥያቄው የተመራለት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ 11 አባላት ያሉት ሲሆን፣ የዚያን ጊዜ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ጉባኤው የሕግ ዐዋቂዎች በጽሑፍ ሐሳባቸውን እንዲልኩ ጠይቆ፣ በግንቦት ወርም አስቀርቦ ሲሰማ ክርክሩ በቴሌቪዥን ለሕዝብ ታየ። ከምሁራኑ አንዳንዶቹ ነገሩ በትርጕም የሚፈታ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ ጉባኤው ጥያቄውን መቀበል እንኳ አይገባውም ብለው ተከራከሩ። ይህ ሁሉ ተሰምቶ፣ የውሳኔው ሐሳብ ተጽፎ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዐቅቦ አጸደቀው። አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ከዚህ ሁለት ቀን አስቀድመው ሥራቸውን ለቀዋል። ከጥያቄው እስከ ውሳኔው የተቈጠረው 36 ቀን ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በ83ኛው አንቀጽ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ብቻ 30 ቀን ይሰጠዋልና፣ በፍጥነት ረገድ ጉባኤውንም ምክር ቤቱንም የሚነቅፍ አይገኝም።

ነገሩ የሚመረመረው ግን ውሳኔው ስለ ጊዜ በተናገረው ላይ ነው። የወረርሽኙ ስጋት መወገዱ በጤና ተቋማት ተገልጾ ምክር ቤቱ ካጸደቀው በኋላ፣ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ምርጫው ይካሄድ አለ። ወሩ ተቈጠረ፤ ቈጠራው የሚጀምርበት ቀን ግን አልታወቀም። ማብቂያው ተነግሮ መነሻው ያልተነገረ የጊዜ ወሰን ደግሞ መነሻውን ለሚወስነው ሰው እንደ ተሰጠ ሥልጣን ይቈጠራል። የክርክሩም ሥር ይኸው ነበር፤ የትግራይ ክልል ይህን ቀጠሮ ሳይቀበል ቀርቶ ጳጕሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አደረገ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ዋጋ የለውም ብሎ አስቀድሞ ወሰነ። ሁለት ወር ሳይሞላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተጀመረ። ጦርነቱ ብዙ ምክንያት የነበረው ቢሆንም፣ የምርጫ ቀጠሮ ክርክር ከምክንያቶቹ መካከል መቈጠሩን የሚክድ የለም።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መስከረም 12 ቀን 2013 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴርን ሐሳብ ተቀብሎ ምርጫው እንዲካሄድ ፈቀደ። ቈጠራው ከዚህ ቀን ይነሣል ቢባል፣ ዘጠኙ ወር የሚሞላው ሰኔ 12 ቀን ነው። ቦርዱ ምርጫውን መጀመሪያ ለግንቦት 28 ቀን ቀጥሮት ነበር፤ በኋላ ተላልፎ ሰኔ 14 ቀን ሆነና፣ አብዛኛው አገር ከወሰኑ ውስጥ ድምፁን ሰጠ።

ሐረር ግን አልሰጠችም። ከመራጮች ምዝገባና ከድምፅ መስጫ ወረቀት ኅትመት ጋራ በተያያዘ ጕድለት ምክንያት የሐረሪ ክልልና የሶማሌ ክልል ምርጫ ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ የተካሄደውም መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ሁለቱ ወር በመስከረም 12 ቀን ተፈጽሞ ነበርና፣ በዚህ አቈጣጠር የሐረር ሕዝብ ድምፁን የሰጠው ወሰኑ ካለፈ ከ8 ቀን በኋላ ነው። አዲሱ የፌዴራል ምክር ቤት የተከፈተው ደግሞ ሕጉ በሚያዘው መሠረት በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ፣ መስከረም 24 ቀን ስለ ነበረ፣ በሐረር በድምፅ መስጫውና በመክፈቻው መካከል የቀረው 4 ቀን ብቻ ነበር።

ስምንት ቀን ብዙ አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔ ወሰኑ ቢያልፍ ምን እንደሚሆን፣ ማን ማንን እንደሚጠይቅ በግልጽ አላስቀመጠም። ስምንት ቀን ያለ ጠያቂ ካለፈ፣ ስምንት ወር እንዳያልፍ የሚከለክለው ቃል የትኛው ነው? በ547 መቀመጫ መካከል 2 መቀመጫ ያለው ክልል ሲዘገይ ጉባኤው አይጐድልም፤ ምልዓተ ጉባኤው ያለ እርሱ ይሞላል። ስለዚህ የጊዜ ወሰን የማይታወቅ ሲሆን ጕዳቱ ከሰልፉ መጨረሻ በቆመው ትንሽ አገር ላይ ያርፋል።

ከዚህም ጋራ የሐረሪ ክልል ምክር ቤት አቋም ከሌሎቹ የተለየ መሆኑ መታሰብ አለበት። ምክር ቤቱ 36 አባላት ሲኖሩት፣ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ አባላት ናቸው። የብሔራዊ ጉባኤውን አባላት ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይምረጡ ወይስ አይምረጡ የሚለው ክርክር በ2013 ዓ.ም. እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ክልሉ እንደ ጠየቀው ተወሰነ። ክርክሩ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ሊታወቅ የሚችል ጥያቄ ስለ ነበረ፣ የምርጫው መርሐ ግብር ከታወጀ በኋላ ሳይሆን ከመታወጁ በፊት መፈታት ነበረበት።

ሐረር የጊዜ ወሰን ምን ያህል እንደሚጐዳ ከዚህ አስቀድሞም ታውቀዋለች። በሐረር በኩል ይተዳደር በነበረው በኦጋዴን፣ በወልወል ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ግጭት በተነሣ ጊዜ ነገሩ በአራት ዳኞች ኮሚሲዮን እንዲታይ ተደረገ፤ ሁለቱን ኢትዮጵያ፣ ሁለቱን ኢጣልያ ሰየሙ። የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤም ግንቦት 17 ቀን ለፍጻሜው ነሐሴ 19 ቀንን ወሰነ። ኮሚሲዮኑ በሆላንድ አገር በሼቬኒንገን ተቀምጦ ሳለ የኢትዮጵያ ጠበቃ ወልወል የማን ግዛት እንደ ሆነ መናገር ሲጀምር የኢጣልያ ወገን ይህ አይነሣም አለ፤ ሥራው በሐምሌ መጀመሪያ ቆመ። ጉባኤው እንደ ገና ተሰብስቦ የግዛቱ ጥያቄ እንዳይነካ፣ ውሳኔውም እስከ ነሐሴ 26 ቀን እንዲሰጥ ቈረጠ። አምስተኛ ዳኛ የግሪኩ ፖሊቲስ ተጨምረው ነሐሴ 28 ቀን ሁለቱም መንግሥታት በደለኞች አይደሉም ተባለ። በዚህ ሁሉ ወራት የኢጣልያ ጦር በምጽዋ በኩል ይራገፍ ነበር፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። ጊዜው እንዲያልፍ ለሚሻው ወገን የቀጠሮ ክርክር ራሱ ድል እንደ ነበረ ከዚህ ይታያል።

ካህናት ለዚህ ነገር ከማንም ይልቅ የቀረበ ምሳሌ በእጃቸው አለ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ መምህር የሚመጣውን ዓመት መጥቅዕና አበቅቴ ዛሬ ቈጥሮ፣ ነነዌና ሁዳዴ የሚገቡበትን፣ ፋሲካም የሚውልበትን ቀን ይናገራል። ቀድሞ በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ስለ ፋሲካ ቀን ብርቱ ክርክር እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ስሌቱ ከተሠራ በኋላ ግን በአንድ ስሌት በሚኖሩት መካከል በየዓመቱ ጉባኤ የሚያስጠራ ነገር አልቀረም።

ለምክር ቤት ኮሚቴም ይህን የሚመስል ሥርዐት ማበጀት ከባድ አይደለም። ሥራ ሲሰጠው በመጀመሪያው ስብሰባ ቈጠራው ከየትኛው ቀን እንደሚነሣ፣ ምስክር የሚሰማባቸውን ቀኖች፣ ረቂቁ ለአባላት የሚታደልበትን ዕለት ጽፎ ያስቀምጥ፤ ጊዜ የሚጨመርለትም ቢሆን ጥያቄው ከነምክንያቱ ከማለቂያው ብዙ አስቀድሞ ይቅረብ። የአገራዊ ምክክር ኮሚሲዮን በ2014 ዓ.ም. የካቲት ወር ለሦስት ዓመት ተሹሞ ሳለ፣ ምክር ቤቱ አንድ ዓመት የጨመረለት በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ዘመኑ ሊፈጸም ጥቂት ቀኖች ሲቀሩት ነው። መጨመሩ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የሦስት ዓመት ሥራን መርምሮ ለምን አልተፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ ግን ጥቂት ቀኖች አይበቁም።

ለሐረር በተለይ፣ ከክልሉ ውጭ ለሚኖሩት መራጮች የምዝገባና የድምፅ መስጫ ቦታ ማዘጋጀት ሌላው ክልል የማያውቀው ተጨማሪ ሥራ ስለ ሆነ፣ የመርሐ ግብሩ ቈጠራ ከሌሎቹ አስቀድሞ ሊጀመርላት ይገባል፤ ይህም በክልሉ ምክር ቤትና በቦርዱ መካከል ቀኑ ተጽፎ ሊወሰን የሚችል ነገር ነው።