«ትክክለኛው ወረቀት የቱ ነው?» ሲሉን ምን እንመልሳለን?

በዚህ ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ስለ ማስተማር ዘዴ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት ሰዓትና ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮ ነው። ዛሬ ግን በአዘጋጆቹ መልካም ፈቃድ ስለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥቂት ልበል። «እኛ መምህራን ልንሆን ነው፤ የሽቦ ነገር ምን አገባን?» የሚል ጓደኛ ቢኖር እስከ መጨረሻው አንብቦ ይፍረድ።

እኔ የአምበር ልጅ ነኝ። አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት። የአክስቴ ልጅ በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈተነ። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ስላለፉት 3ቱ ብዙ ተወራ፤ የቀሩት 97ቱ ወዴት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። የእኛው ልጅ ወደ ኤሌክትሪክ ሄደ። አባቱ አንድ ወይፈን ሸጡና ስሙን የማልጠራው አንድ ማሠልጠኛ ቤት ከፈሉለት። በ3 ወሩ ማኅተም ያረፈበት፣ ዳር ዳሩ በወርቅማ ቀለም ያጌጠ ሰርተፊኬት ይዞ መጣ። እቤት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ጎን ተሰቀለ። ታዲያ ልጁ ወረቀቱን አውርዶ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ ሲቀርብ ፎርማኑ አገላብጦ አየና «ሲኦሲህስ?» አለው። ቃሉን የሰማው ያን ቀን ነው።

ሥራ ሲያጣ ሠፈር ውስጥ ሽቦ መዘርጋት ያዘ። አንዲት ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተው ነበርና እሱ ቀጠለላቸው። በሳምንቱ እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱ መታቸው። እግዜር አወጣቸው፤ ልጃቸው ቆጣሪው ዘንድ ሮጦ አጠፋው። ቀኝ እጃቸውን ግን እስከ ዛሬ ይደነዝዛቸዋል።

ለፋሲካ ስገባ ይኸው ልጅ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «ጋሼ፣ አንተ መምህር ልትሆን ነው፤ ትክክለኛው ወረቀት የቱ ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። አፈርኩም። ከዚያ ወዲህ እየዞርኩ ያጠያየቅሁትን ነው የምጽፈው።

እንደሚታወቀው ቀድሞ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 ይባል የነበረው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በ2000 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ተለውጦ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ሆኗል። ዋናው ለውጥ ግን የስሙ አይደለም። ድሮ የተቀመጥክበት ዓመት ይቆጠርልህ ነበር፤ አሁን የሚቆጠረው እጅህ የሚሠራው ነው። ስለዚህ ሠልጥኜ ጨርሻለሁ የሚለው ወረቀት ብቻውን ብዙ አይረዳም። ከሥልጠናው በኋላ የብቃት ምዘና አለ፤ ሕዝቡ ሲኦሲ የሚለው እሱ ነው። የንድፈ ሐሳብም የተግባርም ፈተና አለው፤ ፍርዱ ወይ ብቁ ነህ ወይ ገና አልበቃህም ነው። የአክስቴ ልጅ የ3 ወር ሥልጠና ከየትኛውም ደረጃ ጋር አልተያያዘም፤ ለምዘናም አላቀረበውም። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት «በስንተኛ ደረጃ ነው የምታሠለጥኑኝ? ለምዘናስ ታቀርቡኛላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ወይፈኑ አይባክንም ነበር። እሱን ግን ማን ነገረው? የትኛው መምህር?

ሁለተኛው ነገር የዘርፍ ምርጫ ነው። ሰው «ኤሌክትሪክ» ይልና ሁሉን በአንድ ከረጢት ይከታል። የቤትና የሕንፃ ሽቦ ዝርጋታ አንድ ሙያ ነው። የፋብሪካ ሞተርና መቆጣጠሪያው ሌላ ነው። ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግነው የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያም ሌላ ነው። ቤት ሽቦ መዘርጋት እየፈለገ ቦታ ስለሞላ ብቻ ኤሌክትሮኒክስ የተመዘገበ ልጅ አውቃለሁ፤ ይኸው አሁን ሁለቱንም አይሠራም። በበኩሌ፣ እንደ አምበር ባለ እየተገነባ ባለ ከተማ ለሚኖር ልጅ በሕንፃ ዝርጋታ እንዲጀምር እመክራለሁ። ፋብሪካ በሌለበት አገር የሞተር ሙያ ይዞ መጥቶ ምን ይነካል?

ሦስተኛ፣ በራሱ ስም የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ መሆን ለሚሻ ሰው የምዘናው ወረቀትም አይበቃውም። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ከሚመለከተው ባለሥልጣን፣ ማለትም ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ከሚባለው፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ይህን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

«ሙያ በእጅ ነው፤ ወረቀት ለቢሮ ሰው ነው» የሚሉ አሉ፤ በከፊል እውነት አላቸው። በአምበር ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዘው ስንቱን ቤት ያበሩ ሰውዬ አውቃለሁ። ሥራቸው ከብዙ ባለ ሰርተፊኬት ይበልጣል። ነገር ግን እኚህ ሰው የማያውቁት ነገር አለ፦ በልምድ የተማረ ሰውም ለብቃት ምዘና መቅረብ ይችላል፤ ደረጃውን ለማግኘት የግድ ኮሌጅ ውስጥ ዓመት መቁጠር የለበትም። ይህን ስነግራቸው «ኧረ ባክህ!» አሉኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የነገራቸው የለም እኮ።

አሁን ወደዚያ ምጣድ ልመለስ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። ይህንን ለ220 ቮልት ብናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። የአክስቴ ልጅ የቀጠለው ለአምፖል በሚዘረጋው ባለ 1.5 ሽቦ ነበር። እንዲህ ያለው ሽቦ በዚያ ጭነት ይግላል፤ መገጣጠሚያው ላይ የተጠመጠመው ናስትሮ ይላጣል፤ የተላጠው የምጣዱን ብረት ይነካል። የመሬት ሽቦም አልነበረም። ስለዚህ ብረቱን የነኩት እናት ራሳቸው የመሬት ሽቦ ሆኑ። ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሽቦ ለብቻው ከማከፋፈያው ቢሳብ፣ መሬት ቢታሰርለት፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ሰው ሲፈስ ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ቢገጠምለት ይህ ሁሉ ባልሆነ። ሥልጠናውን ግማሽ አድርጎ የሸጠለት ሰው ይህን አላስተማረውም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ 3,500ን ለ220 ማካፈል የ6ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አንዳንድ መምህራን ግን «አንተ ሰነፍ፣ ቴክኒክና ሙያ ትገባለህ!» ብለው ልጁን ያስፈራሩታል። በሒሳብ የደከመውን ልጅ ሰው የሚገድል ነገር ወዳለበት ሙያ መግፋት ምን ይሉታል? በሌላ በኩል ጎበዙ ልጅ ሙያውን እንደ ቅጣት ቆጥሮ ይሸሸዋል። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ሲከፈት መግባት ክብር እንደነበር ሽማግሌዎቹ ይነግሩናል። መቼ እንደወረደ እንጃ።

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ያ ኃይል በመጨረሻ የሚደርሰው በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ባለች ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሽቦዋን የሚዘረጋት ደግሞ ነገ ከፊታችን የሚቀመጠው ልጅ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሁን ደረጃ ባለው ሥልጠና እንደ አዲስ ጀምሯል። ስለ ኮሌጁ መጀመሪያ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ የትብብር ሥልጠናው በደንቡ 70 በመቶው በሥራ ቦታ ነው ይባላል፤ እዚህ በእርግጥ ይሠራል ወይስ በወረቀት ብቻ ነው? እንዲህ ብሎ መጠየቁ ደስ አሰኘኝ። የጎረቤታችንን ምጣድ ከአሠልጣኙ ጋር ሆኖ እንደገና ዘርግቶላቸዋል። እሳቸው ግን አሁንም በጨርቅ ነው የሚነኩት።

ለክበባችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ከመውጣታችን በፊት ከደብረ ማርቆስ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አንድ የኤሌክትሪክ አሠልጣኝ ለአንድ ሰዓት ይጋበዝልን። ስለ ደረጃው፣ ስለ ምዘናውና ስለ ዘርፉ ያስረዳን፤ እኛም እንጠይቅ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወንበር ማስተካከሉን እኔ እችለዋለሁ።