ቴርሞስታታችንን መልሱ!

አሮጌ ሃይሉክስ ይዛችሁ ጋራዥ ግቡና «ሞተሩ ይግልብኛል» በሉ። ብዙው መካኒክ ራዲያተሩን እንኳ ሳያይ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ይጥልላችኋል። «ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው ወንድሜ፣ እዚህ ምን ይሠራል?» ይላል።

እንዴ! ቴርሞስታት እኮ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ተዘግቶ ይቆይና 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቅ በር ነው። እሱ ከሌለ ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፤ ናፍጣ ይበላል፤ ፒስተንና ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃሉ። (የአዲስ አበባ የሐምሌ ጠዋት ሞቃት ነው ያለውስ ማነው?)

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው በኩላንት ፋንታ በምንሞላው የቧንቧ ውሃ ላይ ነው። ዝገቱና ደለሉ ራዲያተሩን ይደፍነዋል። የእኔን ፒክአፕ ቴርሞስታት ነቀሉት፤ ራዲያተሩን ግን አልነኩትም። በስድስተኛው ወር ቴስታታው ተሰነጠቀ። ቴርሞስታቴን መልሱልኝ ብል፣ ለካ ጥለውታል።