ውሻችንን «ጃስ» ብቻ ነው ያስተማርነው



ሰሞኑን በሐሙሲት የውሻ ነገር በየስብሰባው እየተነሳ ነው። አንዳንዶቻችሁ «መርዝ ይሰጥና እንገላገል» ብላችኋል። እኛ በዚህ አንስማማም። በመርዝ የሚሞተው የቤት ጠባቂውም ጭምር ነው፤ በሱ ቦታ ደግሞ ከየትም የመጣ ያልተከተበ ውሻ ይገባበታል።

ጥፋቱ የውሻው ብቻ አይደለም። ቡችላ በሠፈራችን የሚማረው አንድ ቃል ነው፤ እሱም «ጃስ!» ነው። ልጆች እየሳቁ ያስተምሩታል፣ አባትም «ጎበዝ ውሻ ወጣው» ብሎ ደስ ይለዋል። «ተው» የሚለውን ግን ማንም አያስተምረው። እንግዲህ ሌሊት የሩዝ ክምር ሲጠብቅ ያደረ ውሻ፣ ማለዳ ኪዳን የምትሄደውን እናትና ትምህርት ቤት የሚሄደውን ሕፃን ከሌባ በምን ይለያቸው?

ማስተማሩ ከባድ አይደለም። ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ይጀመራል። ከመብላቱ በፊት፣ ርቦት ሳለ፣ ቁራሽ እንጀራ በጭብጥ ይዞ ማቅረብ ነው። ይልሳል፣ ይቧጥጣል፤ እጅ አይከፈትም። ሰልችቶት አፉን መለስ ሲያደርግ ያን ጊዜ «ተው» ይባልና በሌላው እጅ ያለው ቁራሽ ወዲያው ይሰጠዋል። እየለመደ ሲሄድ ቃሉ ቀድሞ ይባላል። በቀን ሁለቴ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። «ና» እና «ቁጭ በል»ም እንዲሁ በቁራሽ ይለመዳሉ። ታዲያ የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይያዝ፤ አባት «ተው»፣ እናት «ክድ»፣ ልጅ «ዝም በል» ካሉት ለውሻው ሦስት ቋንቋ ሆነበት ማለት ነው። ዱላም አይረዳም፤ ጠርቶ የመታውን ሰው ውሻ ሁለተኛ «ና» ቢለው አይመጣለትም። ትልቅ ውሻም ይማራል፣ ይዘገያል እንጂ።

ከከተማ ቡልዶግ እናስመጣ የምትሉ ወጣቶችም አላችሁ። ያ አፍንጫው የተደፈጠጠ ውሻ በሙቀት ትንፋሽ ያጥረዋል፣ የፎገራ ሜዳ ፀሐይ አይሆነውም። የአገራችን ውሻ ምን አነሰው?

ትእዛዝ የለመደውም ቢሆን መከተብ አለበት። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች ከመቶ 99ኙ በሽታውን ያገኙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ሰው አይድንም ማለት ይቻላል። ስለሆነም የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበሉን አንከለክልም፤ ከጤና ጣቢያው በኋላ ይደረስበታል።

ቡችላ ያላችሁ ከዛሬ ማታ ጀምሩ። ትልቅ ውሻ ያላችሁ እስኪለምድ ቀን ቀን እሰሩት፤ ሲመሽ ፍቱት፣ የኪዳን ደወል ሳይሰማ ግን መልሳችሁ እሰሩት።

የማኅበሩ ጸሐፊ