ከንፈር ከተሰፋ በኋላ፦ ሐረር የሚያስፈልጋት የሕክምና ቡድን

በምሥራቅ ሐረርጌ በአንድ ጤና ጣቢያ ለተግባር ትምህርት በቆየሁበት ወቅት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የመጡት ለሳል ነበር። በልጁ የላይኛው ከንፈር ላይ ያለችው ቀጭን ጠባሳ ግን በሕፃንነቱ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት ትመሰክራለች። ስሙን ስጠይቀው ድምፁ በአፍንጫው ስለወጣ የመለሰውን ለመረዳት አልቻልኩም። እናቱ ፈጥና መለሰችለት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማን እንደሚከታተለው ስጠይቃት «ተሰፍቶ አልቋል እኮ» አለችኝ።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ «አልቋል» የሚለው ቃል ነው። ስፌቱ የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ ቀሪው ሕክምናም ልጁ በሚኖርበት አካባቢ ሊሰጥ ይገባል።

በዓለም ላይ ከሚወለዱ 700 ሕፃናት አንዱ ገደማ የከንፈር ወይም የላንቃ መሰንጠቅ ያጋጥመዋል። የከንፈሩ ክፍተት ለሁሉም ይታያል፤ የላንቃው ጉዳት ግን ስውር ነው። ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት ለመሳብ የሚያስፈልገውን ግፊት በአፉ ውስጥ መፍጠር ስለማይችል ክብደት መጨመር ይሳነዋል። በመሃል ጆሮው ፈሳሽ ስለሚጠራቀም መስማቱ ይደክማል፤ ጥርሶቹም ያለቦታቸው ይበቅላሉ። ከንፈር ብዙውን ጊዜ ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ፣ ላንቃ ደግሞ ከአሥራ ስምንት ወር በፊት ይጠገናል። ለድዱ የአጥንት ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ልጅ ግን እስከ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪም፣ የሕፃናት ሐኪም፣ የአንገት በላይ ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያና ነርስ አንድን ልጅ ለዓመታት በጋራ መከታተል አለባቸው።

እስካሁን የተሠራው ቀላል አይደለም። ስሙን ከከተማችን የወሰደው ፕሮጀክት ሐረር የተሰኘው ድርጅት ከሃያ ዓመታት በላይ ከገጠር ሕሙማንን እየፈለገ ለፊት ቀዶ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሲያደርስ ቆይቷል። የካቲት 12 ሆስፒታልም በዚህ ሕክምና ይታወቃል። ይሁን እንጂ ከሐረር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለአንድ ቀዶ ሕክምና የሚጓዝ ቤተሰብ ለጆሮ ምርመራና ለንግግር ልምምድ በየወሩ ይመላለስ ማለት አይቻልም።

«ባለሙያ በበቂ በሌለበት አገር ማዕከላትን ማብዛት ጥራትን ይጎዳል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው መሠረት አለው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1998 የቀረበ ይፋዊ ጥናት ሕክምናው በ57 ማዕከላት መበታተኑንና ውጤቱም ደካማ መሆኑን ካሳየ በኋላ አገልግሎቱ በጥቂት ቡድኖች ሥር እንዲሰባሰብ ተደርጓል። ነገር ግን ከዚህ የምንማረው ቀዶ ሕክምና ብዙ ልምድ ባላቸው እጆች መሠራት እንዳለበት ነው። የአመጋገብ ምክር፣ የጆሮ ምርመራና የንግግር ልምምድ ከቤተሰቡ መራቅ አለባቸው ማለት አይደለም። ስፌቱ በአዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፤ ክትትሉ ግን በሐረር ይሁን።

በተለይ የንግግር ሕክምና ከቦታና ከቋንቋ ሊነጠል አይችልም። እንደ «ጠ»፣ «ጨ» እና «ጰ» ያሉ ድምፆች በአፍ ውስጥ የታመቀ አየር ይፈልጋሉ። ላንቃው አየር የሚያሳልፍበት ልጅ ብዙ ጊዜ በእነዚህ ፈንታ ከጉሮሮው ድምፅ ያወጣል። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የልምምድ ወረቀት እነዚህን ድምፆች አይዟቸውም። በሐረር ደግሞ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ይነገራሉ፤ ልጁም መለማመድ ያለበት እናቱ በምታናግረው ቋንቋ ነው።

መነሻው አዲስ ሕንፃ አይፈልግም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ እና ሕይወት ፋና ሆስፒታል በዚሁ ከተማ ይገኛሉ። በመጀመሪያ፣ በወር አንድ የተወሰነ ቀን ይቆረጥና ያሉት ባለሙያዎች ሁሉ ልጁን በአንድ ጉዞ ይዩት። ሁለተኛ፣ አንዲት አስተባባሪ ነርስ የእያንዳንዱን ልጅ መዝገብ ትያዝ፤ የቀረውንም በስልክ ትጥራ። ሦስተኛ፣ አዋላጆች የእያንዳንዱን አራስ ላንቃ በብርሃን እንዲያዩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም የታለበ የእናት ወተት በሲኒ ወይም በማንኪያ እንዴት እንደሚሰጥ እንዲያስተምሩ ይሠልጥኑ። ራቅ ብሎ የሚገኝ የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአካል ባይገኝ እንኳ በስልክ ምስል ነርሷን ሊመራ ይችላል። በአራቱ ቋንቋዎች የንግግር መመዘኛ ማዘጋጀት ደግሞ ለእኛ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ተገቢ የምርምር ርዕስ ነው።

የሕክምናችንን ስኬት በተሰፉ ከንፈሮች ቁጥር ብቻ ከለካን ያ ልጅ «የዳነ» ተብሎ ተመዝግቧል። እኔ ግን የምለካው ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ ራሱ መልሶ፣ መምህሩም ሲረዳው ነው።