የማስታወቂያው ፊደል አምሯል፤ የቆራጩስ ሳንባ?

የወሎን መንገድ የጸጥታው ሁኔታ ከማክበዱ በፊት፣ ከላላ ውስጥ ሱቅ ለከፈተ አንድ ዘመዴ የማስታወቂያ ፊደል ላሠራለት ደሴ ላይ ወደ አንድ ማስታወቂያ ቤት ጎራ ብዬ ነበር፡፡ ትእዛዙ አጭር ነው፤ «ከላላ» የሚለው ስም ከወፍራም ፎም ተቆርጦ ይምጣ፣ የቀረውን እዚሁ በቀለም እናጽፈዋለን የሚል፡፡ ሌዘር ማሽኑ አጠገብ የቆመው ወጣት ወረቀቱን አየት አደረገና «ከላላማ ቀላል ነው ጋሼ፣ ቀዳዳ የለውም» አለኝ፡፡

ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፡፡ «ከ»ም «ላ»ም የተዘጋ ዓይን የላቸውም፡፡ መቁረጫው ከጠርዝ ተነስቶ ዙሪያቸውን ከዞረ ፊደሉ ወጣ ማለት ነው፡፡ ጎረቤቱ «መካነ ሰላም» ግን በ«መ» ጀምሮ በ«ም» ይጨርሳል፤ ሁለቱም ዓይናማ ናቸው፡፡ ወፍራም ፎም በጋለ ሽቦ የሚቆርጥ ሰው ወደ ዓይኑ ለመግባት ፊደሉን ከጎኑ ሰንጥቆ፣ ዓይኑን አውጥቶ፣ ስንጥቁን መልሶ ማጣበቅ አለበት፡፡ ቀለም ቢቀባም ስፌቱ ያሳብቃል፡፡ ሌዘር ከላይ ወግቶ ስለሚገባ ይህ ጣጣ የለበትም፡፡ «ቀ»፣ «ወ»፣ «ዐ» እና «ፀ» ለሚጻፉበት አገር ሌዘር በረከት መስሎ ቢታይ አይገርምም፡፡

በረከቱ ግን ሽታ አለው፡፡ ክፍሏ ጠባብ፣ መስኮቷ አንድ፣ እሱም በካርቶን የተደፈነ፡፡ ማሽኑ መሥራት ሲጀምር ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ጭስ ወጣ፡፡ ወጣቱ ከኮሮና ጊዜ የተረፈች የምትመስል ጭንብሉን ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገና ሥራውን ቀጠለ፡፡ እኔ በር ላይ ቆሜ ስስል የቤቱ ባለቤት መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ይቅርታው ስለ ጭሱ ሳይሆን ስለ ማሽኑ መዘግየት ነበር፡፡ «ዓመት ሳይሞላት ዛገችብኝ፣ የቻይና ብረት እንዲህ ነው» አለኝ፡፡ እውነትም ሌንሱን የተሸከመው ክፍል የሚንሸራተትበት ሐዲድ በቡናማ ዝገት ተሸፍኗል፡፡ ጣሪያው አያፈስም፡፡ ደሴም ብርድ እንጂ ባሕር የለባትም፡፡ ታዲያ ብረቱ ለምን ዛገ?

ይህ ጸሐፊ የሕግ እንጂ የኬሚስትሪ ተማሪ አልነበረም፡፡ ጥያቄውን ይዤ የሚያውቁ ሰዎችን አነጋግሬ፣ ያገኘሁትንም አንብቤ የተረዳሁት ይህንን ነው፡፡ እኛ «ፎም» የምንለው የአንድ ዕቃ ስም አይደለም፤ ውስጡ በአየር የተነፋ ፕላስቲክ ሁሉ ፎም ነው፡፡ ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት፣ ሲነኩት የሚፈረፈረው ነጭ ነገር ፖሊስታይሪን ይባላል፡፡ ለማስታወቂያ ፊደል የሚፈለገው ጠጠር ያለውና ገጹ ለስላሳ የሆነው ነጭ ሰሌዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ነው፤ የውኃ ቱቦ ከሚሠራበት ፕላስቲክ ጋር አንድ ዘር፡፡ ንጹሕ ፒቪሲ በክብደቱ 57 በመቶ ገደማ ክሎሪን ነው፡፡ ሌዘር እንደ መጋዝ አይቆርጥም፤ እያቀለጠና እያተነነ ነው መንገድ የሚከፍተው፡፡ በዚያ ሙቀት ክሎሪኑ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ይወጣል፡፡ ጋዙ እርጥበት ባገኘበት ሁሉ አሲድ ይሆናል፡፡ ሐዲዱ ላይ ያረፈው ሐዲዱን በላ፡፡ በዓይን፣ በጉሮሮና በሳንባ ውስጥ ያለው እርጥበት ደግሞ ብረት ላይ ከሚያርፈው ጤዛ እጅግ ይበልጣል፡፡

ይህ የተደበቀ ምሥጢር አይደለም፡፡ የሌዘር ማሽን አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ፒቪሲን በሌዘር ከማይቆረጡ ነገሮች ተርታ ያስቀምጡታል፡፡ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኦሻ) ለዚህ ጋዝ ያስቀመጠው ጣሪያ 5 ፒፒኤም ነው፤ ከሚሊዮን እጅ አየር አምስት እጅ፣ እሱም ለአፍታ እንኳ እንዳይታለፍ፡፡ ፖሊስታይሪኑም ቢሆን ክሎሪን የለውም እንጂ ንጹሕ አይደለም፡፡ በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ስታይሪን የሚባል ተን ይለቃል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ስታይሪንን በአውሮፓውያኑ 2018 «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ምድብ አስገብቶታል፡፡

ውፍረቱ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፡፡ የሌዘር ጨረር በሌንስ ተሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ይቀጥንና ከዚያ በታች ተመልሶ ይሰፋል፡፡ ስስ ሰሌዳ ላይ ይህ አይታወቅም፡፡ ወፍራሙ ላይ ግን ጠርዙ ይዘማል፣ ከታች ይቀልጣል፡፡ ቆራጩ ምን ያደርጋል? ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ወይም አንዱን መስመር ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል፡፡ ደንበኛው «ወፈር ይበል» ባለ ቁጥር የሚቃጠለው ፕላስቲክና የሚወጣው ጋዝ አብሮ ይጨምራል ማለት ነው፡፡ እኔም ያዘዝኩት ወፍራሙን ነበር፡፡

በልጅነታችን በየከተማው ቆርቆሮ ላይ በብሩሽ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ፡፡ ፊደላቸው ከእጃቸው ይወጣ ስለነበር የማን እጅ እንደሆነ አይተን እንለይ ነበር፡፡ የቀለሙ ሽታ ለጤና ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ቢያንስ ግን ሥራው በረንዳ ላይ፣ ነፋስ ላይ ይሠራ ነበር፡፡ ከዚያ ኮምፒዩተርና ስቲከር መጣ፣ ቀጥሎ በውስጡ መብራት ያለው ሳጥን፣ አሁን ደግሞ ከግድግዳ ብቅ ያለ ወፍራም ፊደል፡፡ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲሻገር፣ በመንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ቀለማቸውን ቀየሩ፣ አሮጌ ማስታወቂያዎች ወረዱ፣ አዳዲሶች ተሰቀሉ፡፡ የከተማ ውበት የሚጠላ የለም፤ ይህ ጸሐፊም አይጠላም፡፡ ነገር ግን አንድ ጎዳና ሙሉ ሱቅ በአንድ ሰሞን ማስታወቂያ ቀይር ሲባል ያ ሁሉ ፊደል ከሰማይ አይወርድም፡፡ መስኮቷ በካርቶን በተደፈነ ክፍል ውስጥ «ለነገ ይድረስልኝ» እየተባለ ሌሊት ነው የሚቆረጠው፡፡

ለመሆኑ ሕጉ የት አለ?

ስለ ማስታወቂያ ከሆነ ሕግ ሞልቷል፡፡ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ስለ ውጭ ማስታወቂያ ፈቃድ፣ ስለ ይዘትና ስለ ቋንቋ ይደነግጋል፡፡ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከቢልቦርድ ላይ አውርዷል፡፡ እነዚህ ሁሉ የሚያዩት ከመንገድ ማዶ ቆሞ የሚነበበውን ነው፡፡ ፊደሉ ከምን ተሠራ፣ በምን ተቆረጠ፣ የቆረጠው ሰው ምን ተነፈሰ የሚለው ከማስታወቂያ ሕጉ ዓይን ውጪ ነው፡፡

«የሠራተኛ ሕግ አለ አይደል?» የሚለኝ አይጠፋም፡፡ አለ፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢን የሠራተኛ መብት አድርጎታል፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ የመከላከያ መሣሪያም እንዲሰጥ ያስገድዳል፡፡ የተለመደው «ሕጉ ጥሩ ነው፣ አፈጻጸሙ ነው የጎደለው» የሚለው አባባል ግን እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ብቻ ነው፡፡ ያንን ወጣት «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብዬው ነበር፡፡ «ደመወዝ የለኝም፣ በፊደል ነው የምታሰበው» አለኝ፡፡ አዋጁ በአንቀጽ 3 ላይ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው ከወሰኑ ውጪ አድርጎታል፡፡ ነገ ወጣቱ ቢታመም የመጀመሪያው ክርክር ስለ ሳንባው አይሆንም፤ ሠራተኛ ነበር ወይስ ተቋራጭ የሚለው ይሆናል፡፡ በእኔ እምነት በሌላ ሰው ማሽን፣ በሌላ ሰው ክፍል፣ በሌላ ሰው ትእዛዝ የሚሠራ ሰው ክፍያው በፊደል ስለተሰላ ብቻ ሠራተኛነቱ አይቀርም፡፡ ይህንን ለማስረዳት ግን ፍርድ ቤት መድረስ አለበት፡፡ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች ተደራጅተው ማሽን የገዙ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አሠሪ የሚባል ሰው የለም፡፡ ፊደሉ ቀዳዳ ባይኖረው ሕጉ አለው፡፡

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 መርዛማ ነገር በመጠቀም ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው ኃላፊ ነው ይላል፡፡ መልካም ድንጋጌ ነው፣ ስድስት ኪሎ ስንማር ወድጄው ነበር፡፡ ሆኖም የሚመጣው ከጉዳት በኋላ ነው፡፡ ከዓመታት በኋላ የሚመጣን ሳል ከየትኛው ክፍል ጭስ እንደመጣ ማን ያስረዳል?

እኔ ይበልጥ የሚቆጨኝ ከመነሻው ያለው ዝምታ ነው፡፡ ሰሌዳው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፡፡ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂ መረጃ እንዲያገኝ መብት ሰጥቷል፤ «ሸማች» የሚለው ትርጉም ግን ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ የሚገዛውን እንጂ ለማምረቻ የሚገዛውን አይጨምርም፡፡ ሸማች ያልሆነ፣ ሠራተኛ መሆኑም የሚያከራክር ሰው በሁለት አዋጆች መካከል ቆሞ ይቀራል፡፡ ወዲህ ደግሞ አገራችን የዓለም ሥራ ድርጅትን የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው ደርግ ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት፣ በ1983 ዓ.ም. ነው፡፡ የዚህ ስምምነት አንቀጽ 12 ለሥራ የሚውል ማሽንም ሆነ ንጥረ ነገር የሚያመርት፣ የሚያስመጣና የሚያቀርብ ሁሉ ስለ አደጋውና ስለ ትክክለኛ አጠቃቀሙ መረጃ እንዲሰጥ ይጠይቃል፡፡ የጸደቀ ስምምነት የአገር ሕግ አካል መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ነግሮናል፡፡ ታዲያ ሰሌዳው ላይ «ፒቪሲ ነው፣ በሌዘር አይቆረጥም» የሚል አንድ መስመር አማርኛ ማስጻፍ አዲስ አዋጅ ይፈልጋል?

መፍትሔው ማሸግ ነው እንዳይባል እፈራለሁ፡፡ የእኛ ተቆጣጣሪ ችግር ሲያይ የሚመጣለት በር ላይ ወረቀት መለጠፍ ነው፡፡ ቢታሸጉ ማሽኖቹ ወደ ጓዳ ይገባሉ፣ ጭሱንም ሕፃናት ጭምር ይተነፍሱታል፡፡ ሥራው ያለ ሌዘር ሊሠራ ይችላል፡፡ ፒቪሲ በሚሽከረከር ስለት በሚቆርጠው ራውተር ማሽን ይቆረጣል፤ ዓይናማውንም ፊደል ከላይ ወግቶ ያወጣዋል፣ የሚወጣው ብናኝ ተስቦ መወገድ ቢኖርበትም አሲድ ግን አይደለም፡፡ ሌዘሩ ለአክሪሊክ ይሁን፣ እሱም ጭሱን ወደ ውጭ በሚስብ ማራገቢያ፡፡ ፖሊስታይሪን ለጋለ ሽቦ፣ በተከፈተ በር፡፡ ከሁሉ በላይ ግን ትልቁ ደንበኛ ራሱ መንግሥት ነው፡፡ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ባንኩ፣ ዩኒቨርሲቲው የማስታወቂያ ጨረታ ሲያወጡ የፊደሉን ቁመትና ቀለም በሴንቲ ሜትር ይዘረዝራሉ፡፡ የዕቃውን ዓይነትና የአቆራረጡን ዘዴ የሚል አንድ ተራ ቁጥር ቢጨምሩ፣ ለራውተሩም ዋጋ ቢያስቡለት፣ ከብዙ የቁጥጥር ዘመቻ ይሻላል፡፡

እስከዚያው ድረስ ያልታወቀ ሰሌዳ የሚገጥመው ቆራጭ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ሙከራ አለ፡፡ ከመሣሪያ ሳጥን የመዳብ ሽቦ ይውሰድ፣ ጫፉን በእሳት ያግል፣ የጋለውን ጫፍ ሰሌዳው ላይ ነካ አድርጎ ጥቂት ፕላስቲክ ያንሳና ሽቦውን መልሶ ወደ ነበልባሉ ያስገባ፡፡ ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለው፣ ሌዘር ሥር አይገባም፡፡ ሙከራው ራሱ ጥቂት መጥፎ ጭስ ስላለው ደጅ፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ ይሁን፡፡

ይህንኑ ለዚያ ማስታወቂያ ቤት ስልክ ደውዬ ነግሬያቸው ነበር፡፡ ባለቤቱ በትዕግሥት ሰማኝ፡፡ «ራውተሩ ዋጋው የት ይደረሳል ጋሼ፣ አብሽሩ፣ መስኮቱን እንከፍተዋለን» አለኝ፡፡ ሰሞኑን ደግሞ ዘመዴ መካነ ሰላም ላይ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነው፣ እንደ ከላላው ዓይነት ፊደል ይፈልጋል፡፡ ቆርቆሮና ቀለም ይሻላል ብለው ጊዜው አልፎበታል ብሎ ሳቀብኝ፡፡ እንግዲያውስ ሰሌዳው ከምን የተሠራ እንደሆነ አስቀድሜ ልወቅ ብዬ እንደገና ደወልኩ፡፡ ስልኩን ያነሳው ያው ወጣት ነበር፡፡ እያሳለ «ያው ነጩ ነው» አለኝ፡፡