የሕፃን ልደት በቤት

ቀድሞ በአገራችን የልደት ቀኑ ተቈጥሮ የሚከበርለት ወይ ንጉሥ ነበረ ወይ ቅዱስ፤ ሐምሌ 16 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት በመሆኑ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ይውል ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም የጌታችንን ልደት ታኅሣሥ 29፣ የእመቤታችንን ግንቦት 1፣ የመጥምቁ ዮሐንስን ሰኔ 30 ቀን ታከብራለች። የቀረው ሕዝብ ልጁ መቼ እንደ ተወለደ ቢጠየቅ «በዘመነ ሉቃስ፣ በጥቅምት፣ በገብርኤል ማግሥት» ይል ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ደብተራም ከዚህና ከልጁ ዕድሜ ግምት ተነሥቶ ቀኑን ከነዓመቱ አስልቶ ማውጣት አይቸግረውም።

ስለዚህ ዛሬ በየከተማው ፊኛ ተነፍቶ፣ ሻማ በርቶ የሚከበረውን የሕፃናት ልደት ባዕድ ልማድ ነው ብለው የሚነቅፉ አሉ። ነቀፋቸው ግን ቦታውን የሳተ ይመስለኛል፤ አዳምና ሔዋን ወደ ገነት የገቡበትን ቀን በመጽሐፈ ኩፋሌ መሠረት አስቦ፣ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና አንሥቶ ድግስ የሚደግስ ሕዝብ፣ የሕፃንን ዕድሜ መቍጠርና በቍጥሩ መደሰት ከቶ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። እኔን ቅር የሚለኝ ሌላ ነው፤ ይኸውም አዳራሽ ተከራይቶ፣ ኬኩ በስልክ ታዝዞ፣ ሙዚቃው ጆሮ እስኪያደነቍር ተለቆ፣ ባለልደቱ ሕፃን በክራባት ታንቆ ፎቶግራፍ ሲነሣ የሚውልበት ድግስ፣ ለወላጆቹ ባልንጀሮች እንጂ ለእርሱ አለመደገሱ ነው።

በጎረቤቴ ቤት ያየሁት እንዲህ አልነበረም። አምስት ዓመት የሞላት ሕፃን በዋዜማው ሊጥ ሲቦካ ከሴት አያቷ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥቍር አዝሙዱን እንድትጨምር ተፈቀደላት (ግማሹ መሬት ላይ ቢቀር ማንም አልተቈጣትም)። በማግሥቱ ሊጡ ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ተደፍቶ፣ እሳት ከላይና ከታች ባገኘው ጊዜ ሽታው ከጓዳ አልፎ እኔ ደጅ ደረሰ። ወንድ አያቷ ድፎውን ባርከው፣ እርሷም ቢላዋውን ከእጃቸው ጋር ይዛ ከቈረሱ በኋላ፣ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብለው ይመርቋት ጀመር፤ እርሷ ግን ምርቃቱ ሳያልቅ ከሁሉ ቀድማ «አሜን» አለች። ከዚያም ቍራሹ በሰፌድ ተደርጎ ለየቤቱ እንድታደርስ ተላከች፤ ለእኔ የደረሰኝ ዳሩ ተገምጦ ነበር።

ቡና ሲፈላ ደግሞ አባቷ የተወለደችበትን ሌሊት ተረከላት፤ ዝናቡን፣ የታክሲውን መጥፋት፣ ስሟን ማን እንዳወጣላት። ታሪኩን በቃሏ ታውቀው ኖሮ አንዲት ነገር በዘለለ ቍጥር «አክስቴን ረሳህ እኮ!» እያለች ታርመው ነበር። የተከራየ አዳራሽ ይህን የመሰለ ነገር ከየት ያመጣል?

ከኬክ ጋር ጠብ የለኝም፤ ሕፃናት ይወዱታል፣ ሻማውን እፍ ማለትም ይወዳሉ፤ ከድፎው ጎን ቢቀመጥ ሃይማኖት አይፈርስም። በዚህ ሥርዐት ላይ ግን አንድ ነገር ቢጨመር እሻለሁ። ልጅ በተወለደ ጊዜ ሴቶቹ ተሰብስበው እልል ካሉ በኋላ ገንፎ ያገነፋሉ፤ መካከሉ ተጐድጕዶ ቅቤና በርበሬ የሚፈስበት ያ ገንፎ የአራሷ ክብር ነው። ዓመት ዞሮ ልደት በመጣ ቍጥር ግን ዓይን ሁሉ ወደ ልጁ ሲዞር፣ ያማጠችው እናት ጓዳ ገብታ ሳሕን ስታጥብ ትውላለች። እንግዲህ በልደቱ ጧት፣ ድፎው ሳይቈረስ፣ ገንፎው በየዓመቱ ለእርሷ ቢቀርብላት፣ ማማሰያውንም ባል ራሱ ቢጨብጥ መልካም ነው፤ ቢጓጕልበትም ግድ የለም፣ ምጥን የታገሠች ይህን አትታገሥም አይባልም።