ጭነት ያለው ብስክሌት በምን ይቁም?

ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ፔዳል ለሚረግጥ ሰው አቀበት አታበዛበትም። ስለዚህ በፒያሳ መንገድ ዳር ማኪያቶውን ይዞ ጥቂት የተቀመጠ ሰው ብስክሌት ስንት ዓይነት ሸክም እንደሚሸከም ይመለከታል። ብስክሌቱ ሲቆም በምን እንደሚቆም የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። እኔም ካላስተዋሉት አንዱ ነበርሁ።

አንድ ተማሪዬ ጧት ጧት ከትምህርት ሰዓት በፊት ለፒያሳ ሻይ ቤቶች ዳቦ በብስክሌት እያደረሰ ራሱን ያስተዳድራል። መቆሚያ ሊገዛ ባሰበ ጊዜ «ጋሼ፣ የትኛው ይሻለኛል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም እንደ አዋቂ ሆኜ በጎን የሚዘረጋውን ባለ አንድ እግሩን መከርሁት፤ ዋጋው ቀላል ነው፣ ደግሞም ያምራል አልሁት። በሳምንቱ፣ ዝናብ ባደረበት ጧት፣ ልጁ ሻይ ቤት ገብቶ ሒሳብ ሲቀበል ብስክሌቱ ተገለበጠና ዳቦው ጭቃ ላይ ተበተነ። ዳቦው በዱቤ የተወሰደ ነበርና የሳምንቱን ትርፍ በሙሉ ከፈለበት። እኔን ግን አንዲት ቃል አልተናገረኝም። የከበደኝም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ቀረብ ብዬ መረመርሁት። ባለ አንድ እግሩ መቆሚያ ብስክሌቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ያቆመዋል፤ ይህም ለባዶ ብስክሌት ይበቃል። ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ሲሆን ግን ክብደቱ ጣት በምታህል ብረት ላይ ያርፋል። መሬቱ ከረጠበ ብረቷ ትሰምጣለች፤ በኮብልስቶን ላይም በድንጋዮቹ መካከል ትገባለች። የፊቱ ጎማ ደግሞ ስለሚቀል መሪው በቀላሉ ይዞራል፤ መሪው ከዞረ ሁሉም ነገር ይከተለዋል።

በዚህ ረገድ የጥንቱ ጥቁር ከባድ ብስክሌት ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል፣ በቻይና አገር በቲያንጂን ከተማ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራውን «ፍላይንግ ፒጅን» የተባለውን እንውሰድ። መቆሚያው በኋላ ጎማ ዘንግ ላይ የተያያዘ፣ ጎማውን ከግራና ከቀኝ የሚያቅፍ ቅስት ብረት ነው። ብስክሌቱን ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት የኋላ ጎማው ከመሬት ይነሣል፣ ጭነቱም ቀጥ ብሎ በሁለት እግር ላይ ያርፋል። ባለ ማርሾቹ አዳዲስ ብስክሌቶች ይህ ብዙ ጊዜ አይገጥማቸውም፤ ለእነርሱ ከፔዳሉ አጠገብ የሚታሰር ባለ ሁለት እግር መቆሚያ አለ። ከባለ አንድ እግሩ ይከብዳል፤ ይክበድ። ቁመቱን የምትለኩት ግን ጭነቱን ጭናችሁ ይሁን፤ ጎማው በሸክም ዝቅ ይላልና። ብስክሌቱ የአሉሚኒየም ከሆነ ብሎኑን ከመጠን በላይ አታጥብቁት፣ ቱቦው ይጨፈለቃል።

ባለ አንድ እግር ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ያድርግ። ሲጭን ከግራ ይጀምር፣ ሲያወርድ ከቀኝ። የፊት ፍሬኑን እጀታ ከመሪው ጋር በአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ቢያስረው ጎማው አይንከባለልም። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ለልጁ አስቀድሜ ልነግረው ይገባኝ ነበር።

አሁን የኋላ መቆሚያ አስገጥሟል፤ ዋጋውን እኩል ከፈልን። ትናንት በፒያሳ ሳልፍ ብስክሌቱ ከነዳቦ ሣጥኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ልጁም ውስጥ ሒሳብ ይቀበላል። ለማንኛውም ብዬ ሣጥኑን በእጄ ገፋ አድርጌ ፈተንሁት።